የአሮጌው ትራክተር ኩላሊት

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ሕፃናት ክትባት፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳርና ስለ ወገብ ሕመም ነው። ዛሬ ግን ከጊንጪ አካባቢ የደረሰኝ አንድ ደብዳቤ ወደ ሌላ ጉዳይ ይወስደናል። «እትዬ ሲስተር፣ ጥያቄዬ የሰው ሳይሆን የብረት ነው፤ ነገር ግን ቤታችንን እያመሰው ስለሆነ ይምከሩን» ይላል መግቢያው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታቸው ሲያርፉ ለልጆቻቸው አንድ አሮጌ ባለ ሰንሰለት ካተርፒላር ትራክተር ትተውላቸዋል። የራሳቸውን መሬት ያርሱበታል፣ ለጎረቤትም በክፍያ ያርሳሉ። የእናታቸው መድኃኒትና የሁለት ልጆች የትምህርት ወጪ የሚሸፈነው ከዚሁ ነው። ዘንድሮ ዘይቱ በተቀየረ በጥቂት ቀን ውስጥ እንደ ከሰል መጥቆር ጀመረ። ለዘይቱ የሚሆን ፊልትሮ በአካባቢው ቢፈለግ ጠፋ። የጠሩት መካኒክ «የዘይት ጌጁ ደህና ነው፤ ፊልትሮውን አውጥታችሁ ጣሉት፣ ያለሱም ይሠራል» አለ። ታላቅ ወንድም በዚህ ተስማማ። ሁለተኛው «ከመንከሱ በፊት ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ በኪሎ እንሽጠው» ይላል። የገቢና የወጪውን ደብተር የምትይዘው እህታቸው፣ ማለትም ደብዳቤውን የጻፈችልኝ፣ ከሁለቱም አልተስማማችም። በደብዳቤው መጨረሻ ደግሞ አንዲት መስመር ጨምራለች፤ ዘይቱን የሚቀይረው የ17 ዓመት ታናሽ ወንድሟ እጁ ተሰነጣጥቆ ሌሊት ያሳክከዋል፣ የሚታጠበውም በቤንዚን ነው። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበችኝ ይህች የመጨረሻዋ መስመር ናት። እመለስባታለሁ።

ነርስን ስለ ሞተር ምን አገባት ለምትሉ፣ ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ዕድሜውን የገፋው በመንገድ ሥራ በዶዘር ኦፕሬተርነት ነበር። ከአምቦ በጉደር በኩል ወደ ጌዶና ባኮ በሚወስደው መንገድ ላይ ያልቆፈረው ስፍራ ጥቂት ነው። ማታ ማታ እኔ ስለ በሽተኞቼ፣ እሱ ስለ ሞተሩ እያወራን ነው ልጆቻችንን ያሳደግነው። የሁለታችን ሙያ ምን ያህል እንደሚመሳሰል ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ስለ ማሽኑ ጥቂት ልበል። ትራክተርን በጎማ ፋንታ በሰንሰለት ማስኬድ የተፈለገው ለምለም ለሆነ፣ ከባድ ነገር ለሚውጥ መሬት ነው። ቤንጃሚን ሆልት የተባለው አሜሪካዊ በካሊፎርኒያ ስቶክተን አካባቢ የሚሰምጡበትን ማሽኖች ለማዳን በ1904 እ.ኤ.አ. መንኰራኩሩን በሰንሰለት ተክቶ ሞከረው። የሆልትና የተፎካካሪው የቤስት ኩባንያዎች በ1925 እ.ኤ.አ. ተዋሕደው የካተርፒላር ኩባንያ ተመሠረተ። የጊንጪን ጥቁር አፈር የሚያውቅ ሰው የሆልት ችግር አይገርመውም። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ በሬም ትራክተርም ይይዛል። ሰንሰለቱ የማሽኑን ክብደት በሰፊው ስለሚያከፋፍለው የጎማ ትራክተር በሚሰምጥበት ላይ ያልፋል። ወደ አገራችን እነዚህ ማሽኖች በብዛት መታየት የጀመሩት በመንገድ ሥራ ነው። የዓለም ባንክ በ1950 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ መንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር አበድሮ፣ በማግስቱ ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ፣ ዶዘር የሚነዳ፣ ግሪስ የሚቀባ፣ ሞተር የሚፈታ አንድ ሙሉ ትውልድ ተፈጠረ። ባለቤቴም ከዚያ ትውልድ የተማረ ነበር።

አሁን ወደ ዘይቱ እንግባ። ከሞተሩ ሥር የዘይት ገንዳ አለ። ፖምፓው ዘይቱን በወንፊት በኩል ከዚያ ይስበውና በግፊት ወደ ላይ ይልከዋል። ዘይቱ በቧንቧና በተሰረሰሩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች አልፎ ዋናው ዘንግ፣ ክራንክሻፍቱ፣ የሚሽከረከርባቸው ብሮንዚናዎች ጋ ይደርሳል። ዘንጉና ብሮንዚናው በእውነቱ መነካካት የለባቸውም፤ በመካከላቸው ከፀጉር የቀጠነ የዘይት ሽፋን አለ። ዘንጉ በዚያ ላይ ይንሳፈፋል። ከዚያ ዘይቱ ተንጠባጥቦ ወደ ገንዳው ይመለሳል፤ ጉዞውም እንደገና ይጀመራል። ልብ፣ የደም ሥርና ደም በሉት።

ይህ ዘይት እየዞረ ቆሻሻ ይሰበስባል። ከናፍታው ቃጠሎ ጥላሸት ይገባዋል። ከሚፋተጉት ክፍሎች የብረት ብናኝ ይገባዋል። በደንብ ያልተዘጋ የአየር ማጥሪያ ካለም የማሳው አቧራ ይገባል፤ አቧራ ደግሞ በብሮንዚና ላይ የአሸዋ ወረቀት ነው። ፊልትሮ የተሠራው ይህን ለማስቀረት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ላይ ከወንፊት በቀር ምንም አልነበረም፤ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው የዘይት ፊልትሮ በሞተር ላይ መገጠም የተለመደው።

እህቴ፣ በእናንተ ቤት የተነሳው ክርክር የሚፈታው እዚህ ላይ ስለሆነ በደንብ አንብቢው። የፊልትሮ አሠራር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፖምፓው የገፋው ዘይት ሁሉ ወደ ብሮንዚና ከመድረሱ በፊት በፊልትሮው እንዲያልፍ የሚያስገድድ ነው። ይህ እንደ ሳንባ ነው፤ ከቀኝ ልብ የወጣ ደም በሙሉ በሳንባ ውስጥ ሳያልፍ ወደ ግራው ልብ አይደርስም፣ ትንንሽ የረጋ ደም ካለም ቀጫጭኖቹ የሳንባ ሥሮች ይይዙታል። ሁለተኛው በብዙ ጥንታዊ ሞተሮች ላይ የሚገኘው ዓይነት ነው፤ አብዛኛው ዘይት በቀጥታ ወደ ብሮንዚና ይሄዳል፣ ጥቂቱ ብቻ ተቀንሶ በፊልትሮው ያልፍና ተጣርቶ ወደ ገንዳው ይመለሳል። ይህ ኩላሊት ነው። ልባችን አርፈን ስንቀመጥ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል፤ ከዚያ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ከአምስት አንዱ ያህል ነው። ነገር ግን ሳያቋርጥ ስለሚሠራ በቀን 180 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ያጣራል። ጥቂት በጥቂት፣ ሳያርፉ ማጣራት ሁሉን ያዳርሳል።

ሁሉም ዘይት በሚያልፍበት ዓይነት ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ማለፊያ ቫልቭ። ፊልትሮው በቆሻሻ ቢደፈን ወይም በጉደርና በጌዶ ብርድ ዘይቱ ቢወፍር ሞተሩ ያለ ዘይት እንዳይቀር፣ በስፕሪንግ የተያዘች ቫልቭ ትከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ያልፋል። ሠሪዎቹ ያሰቡት ልክ ነው፤ ከደረቅ ብሮንዚና ቆሻሻ ዘይት ይሻላል። ጉዳቱ ሞተሩ ይህን ጮሆ አለመናገሩ ነው። ዘይቱ መንገድ ስላገኘ የጌጁ ቀስት ብዙም ላይወርድ ይችላል። ነጂውም «ደህና ነው» ብሎ ያርሳል፤ ከውስጥ ግን የሚዞረው ያልተጣራ ነው። የሰው ኩላሊትም እንዲሁ ነው። አብዛኛው አቅሙ እስኪያልቅ ድረስ ላያም ይችላል፣ ላያሳብጥም ይችላል። በጤና ጣቢያ ሳለሁ «ምንም አላመመኝም እኮ» ይሉ የነበሩ ብዙ ሰዎች በሽንትና በደም ምርመራ ነው የደረሰባቸውን ያወቁት።

ስለዚህ «ጌጁ ደህና ነው» የሚለው ቃል ትክክል ቢሆንም መልስ አይሆንም። ጌጁ የሚናገረው ስለ ግፊት ነው፤ ስለ ንጽሕና አያውቅም። የደም ግፊቱ 120 በ80 የሆነ ሰው ደሙ ውስጥ ስኳር የለም ማለት እንዳልሆነ ሁሉ።

አውጥቶ መጣሉስ? ማሽናችሁ ሁሉን የሚያጣራ ዓይነት ከሆነ ፊልትሮውን ማውጣት ሳንባን እንደ ማውጣት ነው፤ የብረቱ ብናኝና አቧራው በቀጥታ ብሮንዚናው ላይ ይሄዳል። ጥቂቱን የሚያጣራ ከሆነ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። በአንዳንዶቹ የዘይቱን ፍሰት የሚገታው ራሱ ፊልትሮው ነው። እሱ ሲወጣ ዘይቱ በባዶው ቤት በኩል ወደ ገንዳው ይሮጥና ለብሮንዚና የሚቀረው ያንሳል። በዚህ ላይ አንዳንዶች የሚያደርጉትን ጨርቅ፣ ጥጥ ወይም የመጸዳጃ ወረቀት መጠቅጠቅ አትሞክሩት፤ ክሩ ተበጣጥሶ ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል። በሰው ቢሆን እኛ ስትሮክ የምንለው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የመጀመሪያው ሥራ ከመሸጥም ከመጣልም በፊት የፊልትሮውን ቤት መክፈት ነው። ሞተሩ ሞቅ ብሎ ሳለ አጥፉት፤ ቆሻሻው ከዘይቱ ጋር የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። እንዳይፈላ ግን፤ የሞተር ዘይት ቃጠሎ ከሻይ ቃጠሎ የከፋ ነው። አሮጌውን ፊልትሮ አውጥታችሁ ወረቀቱን በቢላ ቆርጣችሁ በነጭ ጨርቅ ላይ ዘርጉት፤ ፀሐይ ላይ እዩት። ይህ የእናንተ ላቦራቶሪ ነው።

ጥቁር ጭቃ ብቻ ካያችሁ ጥላሸት ነው፤ በዘይትና በፊልትሮ ለውጥ ይድናል። የሚያብረቀርቅ ስንጥርጣሪ ካያችሁ ማግኔት አስጠጉበት። ማግኔቱ ካነሳው ከብረት ክፍሎች የመጣ ነው። ካላነሳው፣ ቀለሙ ግራጫ ወይም ነሐስማ ከሆነ፣ ምናልባት ብሮንዚናው እያለቀ ነው፤ ያን ጊዜ አንድ ማሳ እንኳ ሳትጨምሩ አቁሙት። በጊዜ ከተያዘ ብሮንዚና መቀየር ይቻላል፤ ዘንጉ ከተበላ ግን ለእንዲህ ያለ አሮጌ ማሽን ሌላ ዘንግ ማግኘት ከባድ ነው። ዘይቱ እንደ ማኪያቶ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል፤ የራዲያተሩን ውሃ መጉደል አለመጉደሉን እዩ። ናፍታ ናፍታ ከሸተተና ከቀጠነ፣ ናፍታ ወደ ዘይቱ እየወረደ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ትክክለኛውን ፊልትሮ ማግኘት ነው። አሮጌውን ሳትጥሉ ይዛችሁ ሂዱ። ቁመቱን፣ ስፋቱን፣ የመሃል ቀዳዳውን በማስመሪያ ለኩና በወረቀት ያዙ። በማሽኑ ሰሌዳ ላይ የተመታውን የሞዴልና የተከታታይ ቁጥርም ጻፉ። ለአሮጌ ማሽን ተለዋጭ ፊልትሮ የሚገኘው በስም ሳይሆን በቁጥርና በልክ ነው። ጊንጪና አምቦ ላይ ባይገኝ አዲስ አበባ የከባድ ማሽን መለዋወጫ የሚሸጡ ቤቶች በቁጥሩ ሊያስመጡ ይችላሉ። ሲገጠም ከላይና ከታች ያሉትን ማሸጊያ ቀለበቶች፣ ስፕሪንጉንና የክዳኑን ጓርኒሲዮን አትርሱ። አንዲት ቀለበት ከጎደለች ዘይቱ በጎን ሾልኮ ያልፋል፤ አዲሱ ፊልትሮም ለጌጥ የተቀመጠ ይሆናል።

በእነዚህ አሮጌ ካተርፒላሮች በብዙዎቹ ላይ ትልቁን የናፍታ ሞተር የምታስነሳ ትንሽ የቤንዚን ሞተር አለች። ባለቤቴ ፊልትሮ ከቀየረ በኋላ ወዲያው ናፍታ አይሰጥም ነበር። ትንሿ ሞተር ትልቁን እያዞረችው የዘይት ጌጁ እስኪነሳ ይጠብቃል፤ ከዚያ ነው ናፍታውን የሚከፍተው። «ደም ሳይደርሰው አታሩጪው» ይለኝ ነበር፣ የኔን ቋንቋ ተውሶ። ይህች ትንሽ ሞተር የራሷ ዘይት እንዳላትም ብዙ ሰው ይዘነጋል። የእሷንም እዩ።

ሦስተኛው የዘይቱ ነገር ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የካተርፒላር ናፍታ ሞተሮች የፒስቶን ቀለበታቸው በቅሪት እየተጣበቀ ሲያስቸግር፣ ጥላሸቱን እያጠበ የሚሸከም ዘይት ተሠራ። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው የናፍታ ሞተር ዘይት ሁሉ ከሞላ ጎደል እንዲህ ያለ አጣቢ ነው። ስለዚህ ዘይት በፍጥነት መጥቆሩ ብቻውን በሽታ አይደለም፤ ጥላሸቱን እየተሸከመላችሁ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ለብዙ ዓመት ያልጸዳ ሞተር ላይ አጣቢ ዘይት ሲጨመር የቆየው ጭቃ ይነሳና ፊልትሮውን ቶሎ ይደፍነዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ለውጦች በአጭር በአጭር ጊዜ አድርጉ፤ ነጩ ጨርቅ እየጠራ ሲሄድ ወደ መደበኛው መመለስ ይቻላል። የአየር ማጥሪያውንም ከዘይቱ ለይታችሁ አትዩት። ሥሩ ዘይት የሚይዝ ዓይነት ከሆነ፣ በበጋ አቧራ ቀን ሲታረስ ውሎ ማታ ጭቃው ካልተጠረገ፣ ነገ የሚታረሰው ማሳው ብቻ ሳይሆን ፒስቶኑም ነው።

አሁን ወደ ልጁ እጅ ልመለስ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተራ ቅባት አይደለም። ከቃጠሎ የሚመጡ መርዛማ ነገሮችና የብረት ብናኝ አሉበት። ለዓመታት ቆዳን በተደጋጋሚ ሲነካ ቆዳ ያስቆጣል፣ ብጉር ያወጣል፣ ለቆዳ ካንሰርም ያጋልጣል። ጥንት በእንግሊዝ የጥጥ ፈትል ፋብሪካ ሠራተኞች ልብሳቸው በማሽን ዘይት ይርስ ስለነበር የብልት ከረጢት ቆዳ ካንሰር ይይዛቸው እንደነበር በሕክምና ታሪክ የታወቀ ነው። ዘይት የነካ ጨርቅ በሱሪ ኪስ መያዝን ለባለቤቴ የከለከልኩት ለዚህ ነው። ቤንዚን ደግሞ የቆዳውን የተፈጥሮ ቅባት አጥቦ ይወስድና ስንጥቁን ያብሰዋል፤ በስንጥቁም ዘይቱ ይገባል።

ልጁ ከዛሬ ጀምሮ ቤንዚኑን ይተው። ዘይት የማያስገባ ጓንት ያድርግ፤ ከሥራ በፊት እጁን ቫዝሊን ይቀባ፤ ሲጨርስ ትንሽ የምግብ ዘይት አሽቶ በጨርቅ ጠርጎ በሳሙናና በለብታ ውሃ ይታጠብ። ማታ እንደገና ቫዝሊን ይቀባ። በሁለት ሳምንት ካልተሻለው፣ ወይም የማይድን ቁስልና እባጭ ካለ፣ ጤና ጣቢያ ይታይ። የሥራ ልብሱም ከሕፃናት ልብስ ጋር አይታጠብ።

በየቤቱ ስላለውም ልናገር። የተቃጠለ ዘይት ለቁስል፣ ለጭርት፣ ለእከክ መድኃኒት አይደለም፤ ለሰውም ለከብትም አትቀቡት። ዘይትም ሆነ ናፍታ በውሃና በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ልጅ ቢጠጣ አታስመልሱት፤ ሲመለስ ወደ ሳንባ ይገባና የባሰ ያደርሳል። ወተትም ሌላም አትስጡ፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። የተቀዳውን ዘይት ክዳን ባለው ጀሪካን አጠራቅሙ እንጂ ወደ ቦይ አትድፉት። አምቦ ላይ ሁሉቃ፣ ከዚያ ወዲያ ጉደር፣ ሁሉም ወንዝ ከታች የሚጠጣው ሰውና ከብት አለው።

ስለ ኩላሊት ካነሳን አንባብያንም የራሳችሁን አትርሱ። ኩላሊትን በብዛት የሚጎዱት ያልታከመ ደም ግፊትና ስኳር ናቸው። ዕድሜያችሁ ከ40 ካለፈ ወይም በቤተሰብ ካለ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ግፊታችሁን፣ ስኳራችሁንና ሽንታችሁን ታዩ። የሕመም ማስታገሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት አትዋጡ።

ለጊንጪዋ እህቴ የመጨረሻ ቃሌ ይህ ነው። ወንድሞችሽን ሰብስቢና ፊልትሮውን አብራችሁ ክፈቱ፤ በነጩ ጨርቅ ላይ የሚወጣው ይዳኛችሁ። ጭቃ ብቻ ከሆነ ታላቅሽ የሚያርስበትን አያጣም፣ ፊልትሮው እስኪመጣ ግን ይቁም። የብሮንዚና ስንጥርጣሪ ከሆነ የጥገናውን ዋጋ አስገምቱና ካንቺ ደብተር ጋር አስተያዩት፤ የሁለተኛው ወንድምሽ ሐሳብ ያን ጊዜ በቁጥር ይመዘናል። በኪሎ የተሸጠ ትራክተር ተመልሶ አይገዛምና ከምርመራው በፊት አትቁረጡ። የታናሽሽን ጓንት ግን ለስብሰባው አታቆዪው፤ ነገ ጠዋት ግዢለት።

ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።